በአጭር ገመድ የታሰረች ጀልባ

ዛሬ የዓሣ ሽታ አስጠልቶኛል። ጾመ ነቢያት ከገባ ወዲህ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው ምግብ ቤት ሁሉ ሥራው ዓሣ መጥበስ ሆኗል። እኔም ከኦሊምፒክ ወደ ፒኮ ሲወረድ ካሉት ቤቶች በአንዱ መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ ያዘዝኩት ሻይ ቀዝቅዞ፣ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ እሱን እሱን አያለሁ። ቤቴ መቀመጥ አቃተኝ። ባለቤቴ ደምሴ፣ ሰባ አምስት ዓመቱን ሊደፍን ሳምንት የቀረው፣ አምና ልቡን የታከመ ሰው፣ በዚህ ብርድ ከልጃችን ከማርታና ከባሏ ከዮናስ ጋር ጀልባ ላይ ነው። ያውም የት? እዚያው ወንዝ ላይ! ገና ሳይነጋ ደውለው "አሁን ልንገባ ነው" አሉኝ። አሁን የምሳ ሰዓት አልፏል። ሦስቱም ጋ እደውላለሁ፣ የሚያነሳ የለም።

ሰው ቢሰማኝ ምን ያስጨንቃታል ይላል። ሽማግሌ ከልጁ ጋር ሽርሽር ሄደ እንጂ ዘመቻ አልሄደ። እርግጥ ጭንቀት አብሮኝ የተወለደ ነው፣ አልክድም። ማርታ ከካልቨር ሲቲ ተነስታ እኛ ቤት እስክትደርስ እንኳ ሁለት ጊዜ እደውላለሁ፤ "እማዬ፣ ድራይቭ እያደረግኩ ነው፣ ፕሊስ" ብላ ትዘጋብኛለች። የዛሬው ግን ምክንያት አለው። ምክንያቱን ከእኔና ከደምሴ በቀር የሚያውቅ የለም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆዴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ግን ሆዴ አልችል አለኝ።

ያን ጊዜ ፌርፋክስ እንዲህ አልነበረም። መንገዱ በአገራችን ስም የሚጠራበት ምልክት አልተሰቀለም፤ የእኛ ሰው ቤት ቢቆጠር ከአንድ እጅ ጣት አያልፍም። ይህ አሁን የተቀመጥኩበት ቤት የመብራት ዕቃ መሸጫ ነበር፤ ቀን በቀን ሃምሳ አምፖል ያበሩ ነበር። ጥጉ ላይ አንድ አዛውንት ጫማ ይጠግኑ ነበር። ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር ብዙም ፈቀቅ አይልም። ደምሴ ከኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ዳውንታውን የፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እሰጣለሁ። ወንዶቹ ሁሉ ቆዳ ጃኬት፣ እኛ ሴቶቹ ደግሞ ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ ኮት ነበር የምንለብሰው። የዚያን ዘመን ፎቶ ማርታ ስታይ "እማዬ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ትጫወቺ ነበር እንዴ?" ትለኛለች። ካሴት ከአገር ቤት በሰው እጅ ይመጣና ከቤት ቤት እየዞረ ይገለበጣል። እኛ ዘንድ እስኪደርስ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያንጎራጉር ይመስል ነበር፤ እኛ ግን ያንኑ ሰምተን እናለቅሳለን። ወጣት ስለነበርን ይሆናል፣ አሁን በዚህ ስልክ ጥርት ብሎ ሲዘፈን እንባዬ አይመጣም።

አሥራ ሁለት ሆነን የገብርኤል ማኅበር ነበረን፣ ዛሬም አለን፣ ቁጥራችን ቢያንስም። ጽዋው በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል። የታኅሣሡ ተራ ለእኛ ደረሰ። ታኅሣሥ ገብርኤል ጾም ውስጥ ነው የሚውለው፤ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል የሚሉና ኧረ አይበላም የሚሉ ዓመት በመጣ ቁጥር ይከራከራሉ፤ የእኛ ማኅበር ግማሽ በግማሽ ነበር። ታዲያ በኅዳሩ ማኅበር ላይ ደምሴ ሞቅ ሲለው፣ በሚቀጥለው ወር ሽሮ አላበላችሁም፣ በገዛ እጄ ያጠመድኩትን ዓሣ ነው የማበላችሁ ብሎ ተነሳ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው ያደገው። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ቆሮሶውንና አምባዛውን እንዴት እንደሚያወጡት ሲያወራ ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማው። የማኅበሩ ታላቅ እትዬ በላይነሽ ግን የባሕር ዳር ሰው ናቸው፣ ዓሣ በወሬ አይገዙም። ፈገግ ብለው "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ደምሴ" አሉት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፣ ያን ጊዜውኑ ጉድ እንደፈላ አወቅሁ።

አንድ የታክሲ ጓደኛው በስተሰሜን፣ ስድስት ሰዓት ያህል ተነድቶ፣ ከስቶክተን ከተማ ማዶ ጀልባ የሚያከራዩበት ወንዝ እንዳለ ነገረው። በብርድ ጊዜ ትልልቅ ዓሣ ይወጣል አለው። እስከ ጭን የሚደርስ፣ ከቀበቶ ጋር በማንገቻ የሚታሰር የጎማ ቦቲም አዋሰው። እኔን ምን ወሰደኝ? ብቻውን ከላክሁት ቤቴ ቁጭ ብዬ ማበዴ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላት ማርታን እትዬ በላይነሽ ዘንድ አስቀመጥን። በፔርሙስ ሻይ፣ ዳቦና የዳቦ ቢላ ያዝኩ፤ እናቴ የላከችልኝን አዲሱን ጋቢም ጨመርኩ። ደምሴ ጋቢውን ሲያይ፣ ዓሣ ልናጠምድ ነው ወይስ ለቅሶ ልንደርስ ብሎ ቀለደብኝ።

ስንደርስ ገና እየነጋ ነው። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል፣ እጃችሁን ብትዘረጉ ጣታችሁ አይታያችሁም። እኔ ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ወዲህ እንዲያ ያለ ብርድ አላየሁም፤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ጀልባ አከራዩ ሽማግሌ ነጭ ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ደጅ ወሰደንና ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ እያሳየ ብዙ ነገር ተናገረ። በጠመኔ የተጻፈ ሰዓት አለበት። አንዴ ወደ ሰሌዳው፣ አንዴ ወደ ወንዙ ይጠቁማል፤ በመዳፉም ከፍ፣ ዝቅ እያደረገ ያሳያል። ደምሴ "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኖ ፕሮብሌም" እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ምን አለህ ብዬ ስጠይቀው ስለ አየሩ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ባሌ እንግሊዝኛ ከእኔ ይሻላል ብዬ አመንኩት።

ትንሽ እንደሄድን ከዋናው ወንዝ የተገነጠለች ጠባብ ቦይ አገኘን፤ ግራና ቀኟ ሸምበቆ፣ ውሃዋ ዝም ያለ። ደምሴ ደስ አለው። ልክ ዝዋይን ትመስላለች፣ ዓሣ የሚተኛው እዚህ ነው አለና ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ አባቱ እንዳስተማሩት አደረገ፤ ጀልባዋ በነፋስ እንዳትዞር የፊቷን ከአንድ የቆመ ግንድ ጋር፣ የኋላዋን ከዛፍ ሥር ጋር ጥብቅ፣ አጭር አድርጎ አሰራት። ሐይቅ ላይ እንዲያ ነው የሚታሰረው። መንጠቆውን ጣለና ጭልጥ ብሎ በሐሳብ ሄደ። ሻይ ጠጣን። አንድም ዓሣ የለም። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ጸሎቴን አደርሳለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ሸምበቆውን ነው። ሥሩ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል እርጥብ ጥቁር መስመር ወጥቶበታል። "ውሃው እየጎደለ ነው" አልኩት። ውሃ በአንድ ጠዋት አይጎድልም፣ ጭንቀትሽን ለዛሬ ተዪው አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ጀልባዋ ተንቋቋች። የታሰረችበት ገመድ ተወጠረና ወደ አንድ ጎን አጋደላት፤ ፔርሙሱ፣ ዳቦው፣ የመንጠቆው ሣጥን ተንከባለው እግሬ ሥር መጡ። ውሃው ከሥራችን ሸሽቶ ሄዷል፣ እኛ በገመድ ተንጠልጥለን ቀርተናል! ደምሴ ሊፈታው ቢታገል ቋጠሮው በክብደት ጠብቆ ድንጋይ ሆኗል። ወርጄ ልግፋት አለ። አትውረድ ስለው አንድ እግሩን አሳርፎ ነበር። ደረቅ መሬት የመሰለው ማጥ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ገባ። ያንን ሊያወጣ ሌላውን ሲያሳርፍ እስከ ጭኑ ዋጠው።

እዚህ ላይ ስደርስ ስልኬን አንስቼ አሁንም ደወልኩ። ማርታም አታነሳ፣ ዮናስም አያነሳ።

መጀመሪያ ሳቅን፣ እውነቴን ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለካ ለእኛ ነው። እሱ እንደ ችካል ቆሞ፣ እኔ የተጋደለች ጀልባ ጠርዝ ይዤ፣ ማኅበርተኛው ባየህ እያልኩ ሳቅሁበት። ከዚያ መውጣት አቃተው። በተወራጨ ቁጥር ይሰጥማል። ጮህኩ፣ ጉሙ ድምፄን ዋጠው። አንድ ሰዓት ይሁን ሁለት አላውቅም፣ ከንፈሩ እየጠቆረ ሄደ። ያኔ ነው አንዲት የሸምበቆ ቅጠል በአጠገባችን ስታልፍ ያየሁት፤ ወንዙ ከመጣበት ወደዚያው ትሄዳለች፣ ወደ ላይ። ወንዝ ወደ ኋላ ሲፈስ አይቼ አላውቅም። ስምንተኛው ሺህ ደረሰ አልኩ በልቤ። ደምሴም አየ። ውሃው ጉልበቱ ላይ ደረሰ፣ ትንሽ ቆይቶ ወገቡ ላይ። አልጮኸም። ማርታን ለእትዬ በላይነሽ እንዳልተዋት፣ ወደ እናቱም እንዳልልካት፣ ራሴ እንዳሳድጋት ይነግረኝ ጀመር። ኑዛዜ መሆኑ ሲገባኝ ንዴት መጣብኝ።

"ሰውዬው ምን ነበር ያለህ?" አልኩት።

"አልገባኝም፣ አስኩ" አለኝ። "እንግሊዝኛው ፈጠነብኝ። ድገምልኝ ልለው አፈርኩ።"

በዚያች ሰዓት ብችል በጥፊ እለው ነበር። የሰማይ አምላክ ይይልህ፣ ልታስገድለን ነው አልኩት፤ አለቀስኩም፣ ሰደብኩትም። ከዚያ ጋቢዬን ገመድ እስኪሆን ገመድኩትና በብብቱ ሥር አዙሬ፣ ጫፉን ጀልባዋ መቀመጫ ላይ ቋጠርኩት። ቦቲውን ልቀቀው ስለው የሰው ዕቃ ነው ይለኛል! ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ ለሰው ቦቲ ያስባል። ለነገሩ መልቀቅም አይችልም፣ ጣቱ ደንዝዞ ማንገቻውን መፍታት አቅቶታል። ዋና አልችልም፤ ግን በሆዴ ጠርዙ ላይ ተኛሁና እጄን እስከ ትከሻዬ ውሃው ውስጥ ከትቼ በዳቦ ቢላ ማንገቻውን ቆረጥኩት፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ውሃው ደረቱ ላይ ነበር። ጀልባዋ በሞላው ውሃ ቀስ እያለች ስትነሳ ጋቢው ተወጠረ። ገብርኤልን እየጠራሁ ሳብኩ። እግሩ ከቦቲው ሙልጭ ብሎ ወጣ፤ ባዶ እግሩን፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ወርዶ ላዬ ላይ ተዘረረ። ቦቲዎቹ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው።

ውሃው ሲሞላ የላላውን ገመድ ፈትተን ስንመለስ ሽማግሌው ደምሴን ብርድ ልብስ አልብሶ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠው፤ ከዚያ ወጥቶ ሰሌዳውን በጣቱ ሁለት ጊዜ አንኳኳው። ያን ጊዜ እኔ እንኳ ገባኝ፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት ነበር የተጻፈው። መኪና ውስጥ ደምሴ ለማንም እንዳልናገር ገብርኤልን አስጠርቶ አስማለኝ። ማልኩለት። አዘንኩለት እኮ፣ ምን ላድርግ። በነጋታው ዳውንታውን ከአንድ ዓሣ መሸጫ ገብተን ጭንቅላታቸው ያልተቆረጠ ቀያይ ትልልቅ ዓሣዎች መረጥን፣ ያጠመድነው እንዲመስል። በገብርኤል ዕለት ማኅበርተኛው በላ፤ አይበላም ሲሉ የነበሩት ሁሉ ሽታው አሸነፋቸውና ቀመሱ። ደምሴ ተመረቀ፣ ተመሰገነ። እኔ በጾም በገብርኤል ስም ውሸት አቅርቤ አስተናገድኩ፣ አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም።

ውሸት ደግሞ እንደ ልጅ ያድጋል። ዓሣው በየዓመቱ አንድ ክንድ ይጨምራል፤ ማርታ የዚያን ዓሣ ታሪክ እየሰማች ነው ያደገችው። አባቷ የወንዝ ጌታ ነው። ለሰባ አምስተኛ ዓመቱ ምን ላድርግለት ብላ ስታስብ ቆይታ፣ ሆቴሉንም ጀልባውንም ያዘችና "ሶ አባዬ፣ ያንን ወንዝህን ልታሳየን ነው!" አለችው። ፊቱን አየሁት፤ እሱም አየኝ። እምቢ ይላል ብዬ ስጠብቅ እሺ አላት። ሌሊቱን ሁሉ ንገራት አልኩት፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። ትናንት ሸኝቻቸው ስመለስ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ያቺ ጋቢ የለችም። ምን ቢያጥቧት የማይለቅ ቡናማ ጭቃ ስላለባት ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ለብሰናት አናውቅም፤ እሱ ግን ይዟት ሄዷል። ምን ማለት ነው? ሽማግሌ ሰው፣ ሐኪም ደረጃ አትውጣ ያለው ሰው፣ ልጁ ፊት ላለማፈር ብሎ ያንኑ ቦይ ሊያሳያት ነው? እሷስ ቃሉን አምና ጀልባዋን በአጭሩ ብታስራትስ? ከመሐላዬ የሚበልጥ የልጄ ነፍስ ነው ብዬ እዚሁ ተቀምጬ በማርታ ስልክ ላይ መልእክት ተውኩ። "ገመዱን አታሳጥሩት፣ ማንም እንዳይወርድ፣ ውሃው ይሄዳል፣ ተመልሶም ይመጣል" ብቻ አልኩ። እብድ ሳትለኝ አትቀርም።

እትዬ በላይነሽ ወደ ምግብ ቤቱ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ሰማንያ አምስት ሊሞላቸው ነው፣ ከዘራ ይዘው ዛሬም ፌርፋክስን ሳይረግጡ አይውሉም። ፊቴን ሲያዩ ከዘራቸውን አስደግፈው ተቀመጡ። ምን ሆነሻል ሲሉኝ ሁሉንም አወጣሁት፤ ቦዩን፣ ማጡን፣ ቢላውን፣ መሐላውን፣ የዓሣ መሸጫውን። ይፍቱኝ እትዬ፣ በገብርኤል ማዕድ ዋሽቼ አበላሁዎት አልኳቸው።

"አስካለ" አሉ በመጨረሻ፣ "የባሕር ዓሣ ከወንዝ አይወጣም። ቀይ ዓሣ ሳይ አወቅሁ። ሆዱም ተጠርጎ የመጣ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ማርታን ልትወስዱ የመጣችሁ ለት ፊታችሁን አይቼው ነበራ። ከቀብር የተመለሰ ሰው ነበር የምትመስሉት። ምን እንደ ሆነ አላወቅሁም፣ ግን ሁለታችሁም በሕይወት መጥታችኋል። እንኳን የሱቅ ዓሣ፣ ድንጋይ ብታቀርቡልኝም እበላላችሁ ነበር።"

ይሄኔ እንባዬ መጣ። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩትን እሳቸውም ከወዲያ ጫፍ ይዘውልኝ ኖሯል። ግን ደስ ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፤ ልቤ ስልኩ ላይ ነው። ዕቃ ያነሳች ልጅ ሳህን አጋጨች፣ ዘለልኩ። እትዬ በላይነሽ መቁጠሪያቸውን አወጡ። ከውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ላነሳው ፈራሁ፣ እትዬ በላይነሽ ናቸው የከፈቱልኝ።

"እማዬ፣ ሶሪ፣ ወንዙ ላይ ኔትወርክ የለም" አለች ማርታ። ድምፅዋ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነው። አባትሽስ አልኩ። "ደህና ነው። ጀልባዋ ላይ ከመውጣታችን በፊት ጋቢውን አለበሰኝና ሁሉን ነገረን። ይሄ ቡናማ ነገር ምንድን ነው አልኩት፣ እናትሽ እኔን ያወጣችበት ጭቃ ነው አለኝ። ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?" መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች፦ "ደግሞ ጀልባ የምታከራየውን ልጅ ሦስት ጊዜ አስደገማት። እኔ ልተረጉምለት ስል ተይ አለኝ። 'አልገባኝም፣ ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ' አላት ራሱ። ሰው ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር፣ ኬር አላደረገም። ወረቀት ላይም ጻፈው። ውሃው መጉደል ሲጀምር 'እንውጣ' አለ፣ ወጣን።"

ያ በሰው ፊት ከሚያፍር ሞቱን የመረጠ ሰው፣ በሰልፍ ሙሉ ሰው ፊት፣ በልጁና በአማቹ ፊት አልገባኝም አለ። ከተጋባን አርባ ዓመት ሊሞላን ነው፤ እንደዚያች ደቂቃ የወደድኩት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ስልኩን ስጪልኝ አልኳት። ሲያነሳ ትንፋሹን ሰማሁ። ልብህስ አልኩት፣ ይመታል አለኝ። ጋቢዋን ሳታስፈቅደኝ ለምን ወሰድካት አልኩት፣ የሚወጣው ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው።

"ያለ እሷ ልነግራት አልችልም ነበር" አለ። አስከትሎም "አስኩ፣ ዓሣ ግን አልያዝንም" አለኝ።

"ተመስገን" አልኩት።

ስልኩን ስዘጋ እትዬ በላይነሽ አማተቡና መቁጠሪያቸውን መለሱ። ታኅሣሥ ገብርኤል ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ተራው ዘንድሮም የእኛ ነው።

"ያዙ?" አሉኝ።

"ምንም አልያዙም።"

"እንግዲያው በዋዜማው ዓሣ መሸጫ አብረን እንሂድ" አሉ ከዘራቸውን እያነሱ። "በዚያን ጊዜ የመረጣችሁት ያደረ ነበር።"